የቤት ኮምፒውተር መጠባበቂያ ቅጂ፦ በገመድ ወይስ ያለ ገመድ?

በመኖሪያ ቤት በሚገኙ ኮምፒውተሮችና ስማርት ስልኮች የሚከማቸው መረጃ በዓይነትም በመጠንም እየጨመረ መጥቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በስካነር የተነሳ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የልጆች ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት የተወሰደ ረቂቅ ሪፖርት በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠራቅመው ይገኛሉ። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ያረጃል፤ ላፕቶፕም ይወድቃል፣ ይሰረቃል። እነዚህን መረጃዎች ከጥፋት ለመታደግ በተለምዶ «ባክአፕ» የሚባለውን መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ አስፈላጊ ሲሆን፣ ቅጂው በገመድ ወይስ ያለ ገመድ ይያዝ የሚለው ጥያቄ በቅድሚያ መመለስ ይኖርበታል።

ባለገመድ የሚባለው ውጫዊ ሃርድ ዲስክን በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር በማገናኘት የሚከናወነው ነው። ገመድ አልባው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በቤት ውስጥ ዋይፋይ አማካይነት ከራውተር ጋር ወደተያያዘ ዲስክ መገልበጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ጉግል ድራይቭ፣ አይክላውድና ዋን ድራይቭ ወደመሳሰሉ ማከማቻዎች በኢንተርኔት መላክ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው በዕቃው ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። የዋይፋይና የኢንተርኔት ፍጥነት የሚገለጸው በሜጋቢት ሲሆን፣ የፋይል መጠን ግን የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ ቁጥሩን ለ8 ማካፈል ይገባል። 500 ጊጋባይት መረጃ ያለውን ኮምፒውተር በምሳሌነት እንውሰድ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ውጫዊ ዲስክ ላይ በዩ ኤስ ቢ 3.0 ገመድ ቢገለበጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚያስተላልፍ ዋይፋይ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ4 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ቢላክ ደግሞ ከ11 ቀናት በላይ ይወስዳል፤ ይህም መብራት ሳይጠፋና ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ነው። በሜጋባይት ልክ ለሚከፍል ደንበኛ ወጪውም ቀላል አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጊዜ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመገልበጫ ፕሮግራሞቹ የሚወስዱት አዲስና የተለወጠ ፋይልን በመሆኑ የዕለቱ ሥራ በዋይፋይ በደቂቃዎች ሊጠናቀቅ ይችላል። ከራውተር ጋር የተያያዘ ዲስክ ያላቸው ተጠቃሚዎችም የመጀመሪያውን ቅጂ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ቢያከናውኑ ብዙ ሰዓት ይቆጥባሉ። የገመድ አልባው ትልቁ ጥቅም ግን የሰውን ማስታወስ አለመጠበቁ ነው። ውጫዊ ዲስክ ገዝተው በመሳቢያ ውስጥ ለወራት የሚረሱት ጥቂት አይደሉም።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ገመዱ ይመረጣል። ራውተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ሲጠፋ፣ አነስተኛው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ግን ኃይሉን ከላፕቶፑ ባትሪ በዩ ኤስ ቢ በኩል ስለሚያገኝ ሥራውን ይቀጥላል። ትልልቆቹ የጠረጴዛ ዲስኮች የራሳቸውን የኃይል ምንጭ ስለሚፈልጉ ይህ ጥቅም የላቸውም።

ከደህንነት አኳያ ሁለቱም ክፍተት አላቸው። እ.ኤ.አ በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሊጽፍበት የሚችለውን ማናቸውንም ዲስክ ሊቆልፍ ይችላል። በመሆኑም ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ውጫዊ ዲስክም ሆነ በኔትወርክ ክፍት የሆነ ማከማቻ ከጥቃቱ አያመልጥም፤ ቅጂው እንዳለቀ የሚነቀል ገመድ ግን ያመልጣል። የኢንተርኔት ማከማቻም ቢሆን ፋይሎችን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያመሳስል ከሆነ እንደ መጠባበቂያ ሊቆጠር አይገባም። ከኮምፒውተሩ የተሰረዘ ፋይል ከማከማቻውም ይሰረዛል፤ ጉግል ድራይቭም የተሰረዘውን የሚያቆየው ለ30 ቀናት ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ዛሬም ተቀባይነት አለው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች፣ አንዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። የመጨረሻውን ለማሟላት ኢንተርኔት ግዴታ አይደለም፤ ሁለተኛ ዲስክን በዘመድ ቤት ማስቀመጥም ይቻላል። ከቤት የሚወጣ ዲስክ ግን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይኖርበታል። ለዚህም የዊንዶውስ ፕሮፌሽናል ተጠቃሚዎች ቢትሎከርን መጠቀም ይችላሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰነድን በሚመለከት የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ የሚደነግግ በመሆኑ፣ የባለጉዳዮችን መረጃ የያዘ ፋይል በግል የኢንተርኔት ማከማቻ ከማስቀመጥ በፊት የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ማየት ያሻል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ቅጂው መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ1998 ፒክሳር የተባለው ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተሰኘውን የአኒሜሽን ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ የፊልሙ ፋይሎች በስህተት በትእዛዝ ተሰረዙ፤ የኩባንያው መጠባበቂያም በአግባቡ ሳይሠራ መቆየቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነበር። ሥራውን ያተረፈው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሱስማን ከወሊድ በኋላ በቤቷ ሆና ትሠራበት በነበረው ኮምፒውተር ላይ የተገኘው ቅጂ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመኪና ወደ መሥሪያ ቤቱ ተወስዷል። ለቤት ተጠቃሚ በየሦስት ወሩ አንድ ፎልደር ከመጠባበቂያው አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት በቂ ነው።