የሰፈር ቦታ ባለጸጎች

የጓሳን ሣር የሚጋሩት የመንዝ ሰዎች የርስታቸውን ጥንተ ነገር ሲተርኩ፥ አስቦና አፈሮ የተባሉት አቅኚ አባቶቻቸው አገሩን በፈረስ ግልቢያ እንደ ተካፈሉትና የፈረሱ ጕልበት ያለቀበት ስፍራ ወሰን ሆኖ እንደ ቀረ ይናገራሉ። አፈ ታሪኩ ነገሩን ወደ 17ኛው ምእት ዓመት ያደርሰዋል፤ እኔ የማደንቅለት ግን ቅንነቱን ነው፤ በአጽመ ርስት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው መሬት መነሻው የአንድ እንስሳ ትንፋሽ መሆኑን አይሸሽግምና።

የአዲስ አበባ ቦታ ባለቤቶች የቤተ ሰብ ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ቅንነት ይጐድለዋል። መንዝ የሸዋ መሳፍንት መፍለቂያ ስለ ሆነ፥ ከሥርወ መንግሥቱ መሥራች ከነጋሲ ክርስቶስ ወዲህ መንበሩ ወደ ደቡብ እየወረደ አንኮበር ሲደርስ፥ ኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቈረቈር፥ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው፥ ወታደሩም ካህኑም፥ ጌታውን ተከትሎ ወረደ፤ ጌታው በተመራው ሰፈር ጥግም ጎጆውን ቀለሰ። ያን ጊዜ የከተማይቱ መጽናት ራሱ አጠራጣሪ ነበር፤ በዙሪያዋ ያለው ደን ተጨፍጭፎ እንጨት ስለ ጠፋ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ቈርቍረው መናገሻውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበርና፥ ይህ ሐሳብ ቢፈጸም ኖሮ የዚያ ጎጆ ቦታ ተመልሶ የከብት መሰማሪያ በሆነ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ከተማይቱን ከመነቀል አዳናት፤ በ1900 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቦታን በስም ይዞ መሸጥንና ማውረስን ፈቀደ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር ገባ፤ ቦታውም እያደር በወርቅ የሚመዘን ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ባለቦታው ያደረገው ምን ነበር? ባሕር ዛፍ የተከለውንና ቤት ሠርቶ ያከራየውን ድካሙን አልክድበትም፤ ነገር ግን ጌታው ሌላ ኰረብታ ቢመራ ኖሮ እርሱም ከዚያው ይሰፍር ነበር። ሆኖም ልጆቹ አባታችን አስቀድሞ ያየ ሰው ነበር ብለው ውዳሴ ከንቱ ሲያበዙለት፥ የአባቱን ርስት ሊጠብቅ መንዝ ቀርቶ በበልግ ዝናብ መቅረትና በውርጭ ገብሱን የተነጠቀውን ወንድሙን ሰነፍ አሉት። ይህ ፍርድ ዛሬም አልሻረም፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው እንኳ፥ ስሙ ከዕጣው መውጣቱን ዘንግቶ፥ ዋጋው በናረ ቍጥር ስለ ቤት አገዛዝ ምክር ሲሰጥ እንሰማለን።

የወንድማማቾቹን ክርክር የዘጉት አብዮቱ በ1967 ዓ.ም. ያወጣቸው አዋጆች ናቸው። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመንዙን ርስት ከነዘር ሐረጉ ሻረው፤ የጓሳን ሣር አጠቃቀም ይገዛ የነበረው ጥንታዊው የቄሮ ሥርዐትም አብሮት ፈረሰ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ ለመንግሥት አድርጎ፥ ብልሁን ከዕድለኛው ሳይለይ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወ፤ በዋዜማው ዓመት ዕዳ አስጨንቆት ቤቱን የሸጠ ሰው ቢኖር፥ በአንድ ሌሊት ጠቢብ ተባለ።