የመጀመሪያው አልበም፦ ለማን የመጀመሪያ?

የመጽሔቱ አዘጋጆች «እባክሽ ስለ ሕክምና አትጻፊ፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን» ሲሉኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ የግቢያችን ካፌ ሙግት ነው። የባቻችን ልጆች አትረሱትም። በ1993 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ወጣ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2001 ደግሞ እጅጋየሁ ሽባባው በስሟ የተጠራውን «ጂጂ»ን አወጣች። የዶርም ጓደኛዬ «ከአቡጊዳ የሚበልጥ የመጀመሪያ አልበም የለም» አለች። እኔ የጂጂ ወገን ነበርኩ። ሦስተኛው ተሟጋች ሮክ ካልሆነ ጆሮውን የማይሰጥ ልጅ ነበር፤ የሊድ ዘፔሊንን የ1969 እና የጋንስ ኤንድ ሮዝስን የ1987 የመጀመሪያ ሥራዎች እየጠቀሰ ሁለታችንንም ያሾፍብን ነበር። የአናቶሚ ፈተና እየደረሰ እኛ ደረጃ እናወጣለን!

ሙግቱ ሳይቋጭ ተመረቅን። ዛሬ ሳስበው ያልተቋጨው ጥያቄው ራሱ ስለተሳሳተ ነው። «የቱ ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት «ለማን ነው የመጀመሪያ?» ማለት ነበረብን።

የራሴን እጩ ልውሰድ። «ጂጂ» በቢል ላስዌል አዘጋጅነት፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበት ሲወጣ፣ ለውጭው አድማጭ አዲስ ድምፅ ነበር። እኛ ግን «ፀሐይ»ን ከዚያ በፊት ሰምተናል። አስቴር አወቀም እንዲሁ ናት። የለንደን አድማጭ እ.ኤ.አ. በ1989 «አስቴር» በተባለው አልበም ሲተዋወቃት፣ እዚህ ካሴቷ በየቤቱ ገብቶ ስንት ዓመቱ ነበር! የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ም በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ተሠርቶ አውሮፓ የደረሰው በ1986 ነው። ፈረንጁ «የመጀመሪያ» ያለው ለእኛ የቆየ ነገር ነው።

ይሄ ለሐኪም አዲስ አይደለም። በሽተኛው ካርድ ያወጣበት ቀን በሽታው የጀመረበት ቀን አይደለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትሉት «ከትናንት» ይላችኋል፤ ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ነገሩ የሦስት ዓመት ሆኖ ይገኛል።

እስቲ ታሪኩን እንዲሁ ጠጋ ብለን እንጠይቀው። በዕድሜ ከሆነ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀርጿል። በሙሉ አልበም ከሆነ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ጥላሁን ገሠሠ ግን አልበም የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና በሬዲዮ ብቻ አገር ምድሩን ይዞ ነበር። ታዲያ የጥላሁን «የመጀመሪያ ሥራ» የቱ ነው ልንል ነው?

የዚያን ጊዜ ችግር የችሎታ ሳይሆን የፈቃድ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ክልከላ ደፍሮ አለፈው። የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ ወደ ውጭ አገር ልኮ አሳተመ። «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እየተባለ የሚጠራው ዓለማየሁ ያኔ የወጣለት ሁለት ዘፈን የያዘች ትንሽ ሸክላ ናት፤ አንድ በፊት፣ አንድ በጀርባ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላና ከአሥር በላይ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ሲያዳክመው ካሴት ተተካ። እኛ «አልበም» ብለን የተሟገትንበት ነገር የካሴት ልጅ ነው። ካሴት ርካሽ ነው፣ በየገጠሩ ይደርሳል፤ ግን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ያባዛዋል። የድምፃውያንን መብት የሚያስከብረው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም እኔና ጓደኛዬ የተባዛውን «አቡጊዳ» በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ከሰማን በኋላ። እንግዲህ ይቅር ይበለን።

የሮክ ወዳጃችንም ዕድሉ ዘግይቶ መጣለት። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን አወጣ። ሮክ ጊታር ከእኛ ቅኝት ጋር፣ አዘጋጁም ያው የጂጂው ቢል ላስዌል። ይሄኛው ለእኛም ለፈረንጁም እኩል የመጀመሪያ ነው። ስሙን ያገኘበት እሳተ ገሞራ አፋር ውስጥ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ጎብኚው ብዙ ጊዜ ይነሳ የነበረው ግን እኔ ካለሁበት ከመቐለ ነበር።

አሁን የምሠራው መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ ክሊኒክ ነው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ልብስ ሰፊ ወጣቶች ከየወረዳው መጡ። ጦርነቱ ማሽኖቹን አቆማቸው። ከተማችን ከሰኔ 2013 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ስልክ አልነበራትም። ያኔ ሙዚቃ ማለት በስልክህ ሚሞሪ ላይ የቀረው ብቻ ነው። መብራት በተገኘ ቀን ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ ያው አሥራ ሁለት ዘፈን ይደጋገማል። አንዲት ታካሚዬ ከእናቷ ካሴት የተገለበጠ ኪሮስ ዓለማየሁ ነበራት። ኪሮስ ሲያርፍ እሷ አልተወለደችም። በትግርኛ አዚሞ ትግርኛ የማይሰማውን ሁሉ ያስጨፈረ ሰው ነው። እኛ ግን ካፌ ቁጭ ብለን ደረጃ ስናወጣ ስሙን አንዴ እንኳ አላነሳነውም። የግፍ ሳይሆን የመርሳት ነው፤ ግን መርሳትም ደረጃ ያወጣል።

ያቺን ልጅ «የመጀመሪያ አልበሙ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ ለእኔማ ይሄው ነው» አለችኝ። ለሃያ ዓመት የፈለግኩት መልስ ነበር።

ታኅሣሥ 2015 ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ ከገቡልኝ መልእክቶች አንዱ የዶርም ጓደኛዬ ነበር። «አለሽ?» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «አሁንም አቡጊዳ ነው»። አለቀስኩም ሳቅሁም። በዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ሙግታችንን ከእነ ቦታው አስቀምጣ ጠብቃኛለች።

እንግዲህ ድምፄን ልስጥ። ከጂጂ ወገን ወጥቻለሁ። የእኔ አንደኛ ያቺ የ1969ኟ ሁለት ዘፈን ብቻ ያላት የዓለማየሁ ሸክላ ናት። «አልበም አይደለችም» ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን በሩን የከፈተች እሷ ናት፤ ሌሎቹ በተከፈተ በር ነው የገቡት። ሁለተኛ «ጂጂ»፣ ሦስተኛ «አቡጊዳ»፣ አራተኛ «ኤርታሌ»። ከኪሮስ ካሴቶች የትኛውን የት እንደማስቀምጥ ገና አልወሰንኩም፤ ለዚህ ያቺን ታካሚዬን አማክራለሁ።

ጓደኛዬ በዚህ እንደማትስማማ አውቃለሁ። በስልክ አልመልስላትም። በዝግጅቱ ቀን ዝርዝሯን ይዛ ትምጣ፣ እናንተም የየራሳችሁን ያዙ። ማኪያቶው በእኔ ነው።