የይፋግ ገበያና የአእምሮ ሕክምና

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ፣ በፎገራ ሜዳ ዳርቻ የምትገኘው ይፋግ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አሞሌ ጨው እየተጫነ የሚገባባት፣ ወደ ጎንደር የሚወጣው ነጋዴም የሚያርፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያ ባለበት ጠላና አረቄ አይጠፋም፤ ሆኖም የአበው ልማድ፣ መጠጥ ልቡናውን የነሣውን ሰው እንደ በደለኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ሕሙምም ያየው ስለ ነበር፣ ቤተ ዘመዱ እጁን በገመድ አስሮ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጠበል ያደርሰው፣ ካህኑም በመስቀሉ ባርኮ ሲያጠምቀው እናቱ ደረቅ ነጠላ ይዛ ከዳር ትጠብቀው ነበር። ገመዱ ያሳዝነኛል፤ ከነጠላው ግን ሐኪም የሚማረው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ኖረ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ነው ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት የያዘው። የአእምሮ ደዌንና ሱስን በሕዝቡ መካከል ገብተው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ሲሆኑ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት በተደረገ ምርመራ ላይ ተመሥርተው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ10,468 ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ በጊዜው ጫት ይቅሙ እንደ ነበር ገለጹ። ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ እናቱ ከጠበል ዳር እንደምትጠብቀው ያለ፣ ወደ ሆስፒታል የማይመጣ ሰው ከቁጥር ባልገባ ነበር።