ሲጋራ ፓኮ ውስጥ አልገባም ያለው ሰው

ቁመቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወርዱም አራት አይደርስም። ብርቱካንማ መደብ ላይ ፀጉሩን መሃል ለመሃል የከፈለ ኮስታራ ሰው ይታያል፤ ደረቱ ላይ የፒትስበርግ ስም ተጽፏል። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሆነስ ዋግነር ነው። ከዚህ ካርድ ቅጂዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በወጣበት ዘመን ሲጋራ የገዛ ሰው በነፃ ያገኘው ነበር።

በ1880ዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለስላሳው ፓኮ እንዳይጨማደድ ጠንካራ ወረቀት ያስገቡበት ነበር። ወረቀቱ ባዶውን ከሚቀር ብለው ተዋናይ፣ የጦር መሪና የቤዝቦል ተጫዋች አተሙበት። በ1909 ደግሞ የጄምስ ዱክ አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ከ500 በላይ ካርዶች ያሉትን ትልቁን ተከታታይ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ተጫዋች፣ ጀርባው የፒድሞንት ወይም የስዊት ካፖራል ማስታወቂያ ነው። ልጆች ትምባሆ መሸጫ ደጃፍ ቆመው የሚወጣውን ሁሉ ካርድ ይለምኑ ነበር።

ዋግነር በዚያው ዓመት ፒትስበርግን ለዎርልድ ሲሪስ ድል ያበቃ፣ በልጅነቱ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በዚህ ተከታታይ የእሱ ካርድ መታተም እንደጀመረ ተቋረጠ። ለምን? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ክፍያ አንሶት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ልጆች ለእሱ ፎቶ ሲሉ ሲጋራ እንዳይገዙ ብሎ ነው ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዋግነር ራሱ ሲጋር ያጨስ፣ ትምባሆም ያኝክ እንደነበር ያነሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሊፍ ኩባንያ ባወጣው ካርድ ላይ የትምባሆ ከረጢት ይዞ ይታያል።

ግን የ10 ዶላሩ ነገር አለ። ኩባንያው ፒትስበርግ ለሚኖረው የስፖርት ጋዜጠኛ ለጆን ግሩበር የዋግነርን ፈቃድ ካመጣ 10 ዶላር ሊከፍለው ቃል ገባ። ዋግነር ፎቶው ሲጋራ ፓኮ ውስጥ እንዲገባ እንደማይፈልግ ጽፎ መለሰ፤ ግሩበር በእሱ ምክንያት እንዳይከስር ደግሞ የ10 ዶላር ቼክ አብሮ ላከለት። ይህን ስፖርቲንግ ኒውስ በ1912 ዘግቦታል። ገንዘብ ያንገበገበው ሰው ከኪሱ አውጥቶ አይከፍልም። ደግሞስ ያኔ የሚታኘክ ትምባሆና ሲጋራ በአንድ ዓይን አይታዩም ነበር፤ የኢንዲያና ግዛት በ1905 ሲጋራን ብቻ ለይታ በሕግ ከልክላለች።

ካርዱ ጥቂት ብቻ ታትሞ ቀረ፤ ዛሬ ያሉት ስድሳ ገደማ ናቸው። የሲራኪዩሱ ካርድ ሰብሳቢ ጀፈርሰን በርዲክ በካታሎጉ መዘገበው። በርዲክ ሪህ ጣቶቹን ቆልምሞበት እያለ ስብስቡን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በአልበም ሲለጥፍ ኖሮ በ1963 አረፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው የጨረታ ታሪክ ነው፤ እሱም ንጹሕ አይደለም። ሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪ በ1991 ከሸሪኩ ጋር በ451,000 ዶላር የገዛው ካርድ ጠርዙ የተከረከመ መሆኑን የጨረታ ነጋዴው ቢል ማስትሮ በ2013 ፍርድ ቤት አምኗል።

በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም ትምባሆ አይሸጥም። የዱክ ኩባንያ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ካርዱን ይዞ ቢመጣ በሁለቱም በኩል ሕግ ይጥሳል።