የገፈርሳው ዝይና የአትክልታችን ወፍ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ወሬ ነው። ነገር ግን በደጃችን የሚበሩት አእዋፍም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እኛ ተማሪዎች ይህን የተረዳነው በየካቲት ወር ደብተር ይዘን፥ ከትምህርት ቤታችን አትክልት ጀምረን እስከ ገፈርሳ ውሃ ድረስ አእዋፍን በተመለከትን ጊዜ ነው።

በአትክልታችን ውስጥ በእሬት አበባ ላይ ምንቃርዋ እንደ ማጭድ የቆለመመ ትንሽ ወፍ ትመላለሳለች። ወንዱ በጥላ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና መዳብ መሳይ ሆኖ ያበራል። የዚህች ወፍ የሳይንስ ስም የተከዜን ወንዝ ስም የያዘ ነው፤ ይኸውም ስም የታተመው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ አገራችን ጉዞው በጻፈውና እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1814 በወጣው መጽሐፍ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል እስከ ስሜንና ጎንደር ተጉዞ ብዙ አእዋፍ ሰበሰበ። በ1837 ነጭ አንገትጌ ያላትን እርግብ፥ በ1845 ደግሞ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ በመጽሐፍ አስታወቀ። የደጋው ገበሬ እነዚህን ጥንትም ያውቃቸዋል፤ እኛ ግን ታሪካቸውን ከባዕድ መጽሐፍ መማራችን አሳፈረን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ነው።

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፥ ለከተማው መጠጥ የሚሆን ውሃ የተገደበበት ስፍራ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ያን ዝይ በዚያ አየነው። አንገቱን ወደ ጀርባው አጥፎ ሣር እየጋጠ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አንዳችን ስድስት፥ ሌላችን ሰባት ናቸው ብለን ተከራከርን፤ እንደ ገና ብንቆጥር ሰባት ሆኑ፤ አንዱ ከጉብታ ጀርባ ተኝቶ ኖሮአል።

በውሃው ዳር እንግዶችም ነበሩ፤ ምንቃሩ አካፋ የመሰለ ዳክዬና ጅራትዋን ያለ ዕረፍት የምትነቀንቅ ቢጫ ወፍ። ለእኛ በጋ ሲሆን በአውሮጳና በእስያ ክረምት ነውና ብርዱን ሸሽተው ይመጣሉ፤ የካቲት ሲያልፍ ለመመለስ ይሰናዳሉ።

ታዲያ በሚመለሱበት ዓመት ውሃው ባይኖርስ? ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለመጠጥ ከመጠን በላይ ስለ ተቀዳና ደለል ስለ ሞላው፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ነበር። ኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም፥ ሐይቅ እንደሚሞት ያን ጊዜ ታይቶአል።

ስለዚህ ደብተራችንን በዚህ በዓል ለቤተ መጻሕፍታችን አስረክበናል። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በየየካቲቱ ወጥታችሁ ቁጠሩ። ሰባቱ ስምንት ቢሆኑ ደስ ይበላችሁ፤ ስድስት ቢሆኑ ግን ምክንያቱን ሳትጠይቁ አትለፉ።