ከፋና ጅማ፤ ስም የተለዋወጡ ጎረቤታሞች

ከቦንጋ ገበያ ተጭኖ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ ቡና ጅማ ሲገባ ስሙ ይለወጥ ነበር። በከፋ ደን ተለቅሞ፣ በከፋ ገበሬ ደጅ በፀሐይ ደርቆ፣ ገና በጀንፈሉ ሳለ የመጣው ፍሬ በነጋዴው መዝገብ «ጅማ» ተብሎ ይጻፋል፤ በዚሁም ስም አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በዚሁም ስም ባሕር ይሻገራል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ በዚያው ዘመን የጅማ ከተማ ራሷ በመንግሥት መዝገብ ከፋ በተባለ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የተቈጠረች፣ አልፋም የዚያ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ የነበረች መሆኗ ነው። የከፋ ቡና ጅማ ሲባል የጅማ ምድር ከፋ ይባል ነበርና፣ የሁለቱን አገሮች ስመ ተጸውዖ የሚመረምር ሰው አንዱን ያለ ሌላው ሊጨርሰው አይችልም።

ጅማ የሚለው ስም ከምድሩ አስቀድሞ የሰው ስም ነበር። ከመጫ ኦሮሞ ነገዶች አንዱ በዚህ ስም ይጠራ ስለ ነበረ በወለጋ በኩል ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ የሚባሉ አገሮች እስከ ዛሬ አሉ፤ ከጊቤ ወዲያ የሰፈረውም ወገን ጅማ ካካ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ተበታትነው የነበሩትን የጎሣ አለቆች በአንድ ዘውድ ሥር ካዋለ በኋላ፣ አገሩ የንጉሡን ስም ደርቦ ጅማ አባ ጅፋር ተባለ። ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን ታላቁ ገበያ ከኮረብታው በታች በሂርማታ ይቆም ነበር። ወደዚያም ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ በከብት ቀንድ የታሸገ የጥርኝ ዝባድ፣ ወዮ ለዚያ ዘመን! በእግር ብረት የታሰረ የሰው ልጅም ጭምር ለሽያጭ ይመጣ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በማቆየቱ ገበያው ሳይፈታ ኖረ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አዲሱን ከተማ በዚያው አካባቢ ሠርተው የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ ሲያደርጉት ግን ሂርማታ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ የነገዱም ስም ለከተማው ዋለ። ሆኖም ስሙ እንጂ ገበያው አልተሻረም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ ጅማ መንግሥት ያጠናው አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ፣ በመልካም የበጋ ቀን እስከ 30,000 የሚደርስ ሰው በሂርማታ ገበያ እንደሚሰበሰብ ጽፏል።

ከፋ ደግሞ የጥንታዊ መንግሥት ስም ነው። ሕዝቡ ራሱን ካፈቾ፣ ቋንቋውን ካፊ ኖኖ፣ ንጉሡን ታቶ ይላል። በአማርኛ ጆሮ ስሙ ክፋትን የሚያሰማ በመሆኑ ስንት ቀልድ እንደ ተቀለደበት መናገር አያሻም፤ ቃሉ ግን የአማርኛ አይደለምና ቀልዱ ከቀልድነት አያልፍም። ይህ መንግሥት ጥልቅ ጉድጓድ እየቈፈረና በር እያቆመ ወሰኑን ለብዙ ዘመን ከጠበቀ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር መሪ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሲዘምቱበት የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት የፈጀ ውጊያ ተዋግቶ ተማረከ፤ አገሩንም ዳግመኛ ሳያይ በግዞት ሞተ። ከዘማቾቹ መካከል የጎረቤቱ የአባ ጅፋር ሠራዊት እንደ ነበረበት መዘንጋት አይገባም።

የፈረንጆቹ «ካፌ» ከዚህ አገር ስም ተወለደ የሚለውን ነገር ለአገሬ ክብር ስል ብወደውም፣ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ቃሉን የሚስቡት ከዐረቡ «ቃህዋ» ነው፤ ከፎችም ራሳቸው ተክሉን የሚጠሩት «ቡኖ» እያሉ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. የዕፅዋትን ስም ሲደነግግ ይህንኑ ተክል «አራቢካ» ብሎ ለዐረብ ምድር ሰጠው። የጌሻም ቡና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራቡ ደን ወጥቶ በኬንያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ከደረሰ በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር የቡና ውድድር አሸንፎ በዋጋው ዓለምን አስደነቀ፤ በጉዞው ላይ ግን ስሙ ተጣሞ «ጌይሻ» የተባለውን የጃፓን ዘፋኝ ሴቶች መጠሪያ መስሏል።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ዐዋጅ ጠቅላይ ግዛቶችን ሲያደራጅ፣ የከፋ ስም ጅማን፣ ሊሙንና ኩሎ ኮንታን ጭምር የሚሸፍን ሆነ። መንገዱም ገበያውም ጅማ ላይ ስለ ነበረ መቀመጫው ጅማ ሆነ፤ ለቦንጋ የቀረላት የአውራጃ ከተማነት ብቻ ነበር። ነጋዴውም ሚዛኑ ያለበትን ቦታ እንጂ ተክሉ የበቀለበትን አይጠይቅምና፣ በእሸቱ ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና «ሊሙ» ሲባል በጀንፈሉ የደረቀው ሁሉ «ጅማ» ተባለ።

ስም እንዲህ ሲዘዋወር ደኑ በስፍራው ነበር። ከላይ ቀረሮው ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ይቆማል፤ ከሥሩ ዋንዛና ሰሳ፣ ከእነርሱም ጥላ በታች ማንም ያልተከለው ቡና፣ ከምድሩም ላይ ኮረሪማ፣ በሐረጉም ጥምዝ ይገኛል። ገበሬው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ጉሬዛው ነጭ ካባውን እንዳጠለቀ መዘምር ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሻገራል፤ አዕዋፍና ጦጣዎች ቀዩን ፍሬ በልተው ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥሉታል፤ በዚህ ዓይነት ቡናው ያለ አትክልተኛ ሲራባ ኖሯል። ወደ ደጋው በተወጣ ቍጥር ደግሞ ዛፉ ለቀርቀሃ ስፍራውን ይለቃል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ይህን ምድር ከያዩ ደን ጋር በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ሲጽፈው የመዘገበው በከፋ ስም ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ስምና ቦታ የተገናኙበት አንዱ መዝገብ ይህ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። የቀድሞው ኩሎ ኮንታም፣ ዛሬ ዳውሮና ኮንታ የሚባለው፣ በዚሁ ክልል ውስጥ ገባ። በሁለቱ መካከል ተራራና ሸለቆ የተፈራረቁበት፣ ዝሆንና ጎሽ የሚሰማሩበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ1997 ዓ.ም. ሲከለል ጨበራ ጩርጩራ ተባለ። ጨበራና ጩርጩራ በኮንታና በዳውሮ በኩል ያሉ ቀበሌዎች ናቸው። ስሙ ለምላስ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በጽሕፈት ቤት ከተሰፋው ከፋ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ባላገሮች በስሙ ውስጥ ተጠርተዋልና።