የወበቅ ሯጭ፦ የዩኮ አሪሞሪ ውጤቶችና የ1992ቱ ምርጫ ሙግት

ስለ ጃፓናዊቷ የማራቶን ሯጭ ዩኮ አሪሞሪ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በሁለት ሜዳሊያዎች መካከል የተዘረጋ የጽናት ታሪክ ነው። የዳሌዋ መገጣጠሚያ ወልቆ የተወለደች የኦካያማ ልጅ ናት፤ በተማሪነቷ ይህ ነው የሚባል ውጤት አልነበራትም፤ አሰልጣኝ ዮሺዮ ኮይዴን ደጅ ጠንታ በ1989 (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው) የሪክሩት ኩባንያን ቡድን ተቀላቀለች፤ ከዚያም በባርሴሎና ብር፣ በአትላንታ ነሐስ አገኘች። የባርሴሎናው ብር በአትሌቲክስ ለጃፓን ሴቶች ከ64 ዓመት በኋላ የተገኘ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር፤ ከእሷ በፊት ያለው በ1928 አምስተርዳም ላይ ኪኑኤ ሂቶሚ በ800 ሜትር ያገኘችው ነው፤ ሂቶሚም የኦካያማ ልጅ ናት። የርቀት ሩጫን ከጃፓን የሲቪክ ባህል ጋር አያይዞ ያጠናው ቶማስ ሄቨንስ በ2015 ባሳተመው «ማራቶን ጃፓን» የውድድሮቹን ሥርዓት በሰፊው አሳይቷል። በዚህ ሁሉ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ ፍርድ ጋር ነው፤ በ1992 አሪሞሪ ወደ ባርሴሎና የሄደችው ከእሷ የፈጠነችው ሯጭ ተገፍታ ነው ከሚለው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በጃንዋሪ 1992 የኦሳካ የሴቶች ማራቶን ዩሚ ኮካሞ፣ ያውም በመጀመሪያ ማራቶኗ፣ በ2:26:26 አሸነፈች። አኬሚ ማትሱኖ በ2:27:02 ተከትላት ገባች። አሪሞሪ በዚያ ውድድር አልሮጠችም። በእጇ የነበረው ከዓመት በፊት እዚያው ኦሳካ ሁለተኛ ስትወጣ ያስመዘገበችው 2:28:01 ነው። ከሦስቱ የኦሊምፒክ ቦታዎች አንዱ በ1991ዱ የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ብር ላገኘችው ለሳቺኮ ያማሺታ፣ ሌላው ለኮካሞ ሲሰጥ የቀረው አንድ ነበር። ማትሱኖ ጋዜጠኞችን ሰብስባ እኔን ምረጡኝ አለች፤ የጃፓን አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ግን አሪሞሪን መረጠ። በሰዓት ከተለካ ማትሱኖ በ59 ሰከንድ ትበልጣለች፤ የተገፋች ሯጭ ታሪክም የተገነባው በዚህች 59 ሰከንድ ላይ ነው። ባርሴሎና ላይ ብር ሲገኝ ቅሬታው በረደ እንጂ አልተፈታም። አሸናፊ ስለሆነች ትክክለኛ ምርጫ ነበረች ማለት ደግሞ ክርክር አይደለም፤ ፍርዱን ከውጤቱ መበደር ነው። ጥያቄው ብሩ ከመገኘቱ በፊት፣ መራጮቹ ፊት በነበረው ማስረጃ ብቻ፣ ምርጫው ሊጸድቅ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው።

ይችል ነበር እላለሁ። ማስረጃው ደግሞ ማንም ሊያየው በሚችል፣ ግን እምብዛም በማይታይ ቦታ ተቀምጧል፤ በበጋ ወራት ውድድሮች የውጤት ዝርዝር ውስጥ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ኦገስት ማለት ጭቃና ብርድ ነው፤ ለጃፓን ግን ልብስን ከገላ የሚያጣብቅ ወበቅ ነው። በኦገስት 1991 የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና በዚህ ወበቅ ተሮጠ። ቫንዳ ፓንፊል በ2:29:53 ስታሸንፍ ያማሺታ በ4 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ፣ ጀርመናዊቷ ካትሪን ዶሬ ሦስተኛ፣ አሪሞሪ በ2:31:08 አራተኛ ሆኑ። ከኦሳካ ምርጥ ሰዓቷ የዘገየችው 3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ብቻ ነው። የኦሳካው 2:27:02 ግን በጃንዋሪ ብርድ የተመዘገበ ነው። ኦሊምፒኩ በኦገስት መጀመሪያ፣ በሜዲትራንያን ዳርቻ የሚሮጥ መሆኑን መራጮቹ ያውቁ ነበር። የጃንዋሪን ሰዓት ከኦገስት ደረጃ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው የሚለካውን ዕቃ አላወቀውም።

ቀጥሎ የመጣው ይህን ያጠናክራል። የባርሴሎናው ማራቶን ከማታሮ ተነሥቶ በባሕሩ ዳርቻ ካለፈ በኋላ መጨረሻው ላይ የሞንጁይክን አቀበት ያስወጣል። ምሽት ላይ ቢጀመርም ሙቀቱ አልበረደም። አሪሞሪና ቫለንቲና ዬጎሮቫ ያንን አቀበት ተያይዘው ወጡ፤ በመጨረሻ ዬጎሮቫ 2:32:41፣ አሪሞሪ 2:32:49 ገቡ። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ የለያቸው 8 ሰከንድ ነው። በቶኪዮ ወበቅ የተፈተነችው ያማሺታ አራተኛ ስትሆን፣ በጃንዋሪ ከሁሉ የፈጠነችው ኮካሞ 29ኛ ሆነች። ከዚያ የአሪሞሪ ተረከዝ ታመመ፤ በ1994 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በኦገስት 1995 በሳፖሮ የሚካሄደውን የሆካይዶ ማራቶን በ2:29:17 አሸንፋ የአትላንታን ትኬት ቆረጠች። አትላንታ ላይ አገራችን ከማትረሳው ድል ጋር ስሟ ተያይዟል። ፋጡማ ሮባ በውድድሩ አጋማሽ አካባቢ አፈትልካ ወጥታ በ2:26:05 ብቻዋን ስትገባ፣ ከኋላዋ ዬጎሮቫ 2:28:05፣ አሪሞሪ 2:28:39፣ ዶሬ 2:28:45 ሆኑ። እኛ የወርቁን ደቂቃ እንጂ ከኋላ የነበረውን የስድስት ሰከንድ ትንቅንቅ አናስታውስም፤ አይፈረድብንም። ለዚህ ክርክር ግን ቁልፉ ሌላ ቁጥር ነው። በአትላንታ ዳገትና ወበቅ አሪሞሪ እስከዚያ ከነበራት ምርጥ ሰዓት የራቀችው በ38 ሰከንድ ብቻ ነበር። አብዛኛው ሯጭ በሙቀት ደቂቃዎችን ሲከፍል እሷ ሰከንዶችን ከፈለች።

መቃወሚያዎች አይጠፉም። የመጀመሪያው ሁሉንም ለኮይዴ ይሰጣል። ኮይዴ ትልቅ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ናኦኮ ታካሃሺ በእሳቸው ሥር በ1998 በባንኮክ ሙቀት 2:21:47፣ በ2001 በበርሊን 2:19:46 ሮጣለች። ታካሃሺ ግን ፍጥነቱም ጽናቱም ነበራት፤ አሪሞሪ አንዱ ብቻ ስለነበራት ነገሩን ለይቶ ለማየት የተሻለች ምሳሌ ናት፤ አሰልጣኙ አንድ ሆኖ ሳለ ሯጮቹ ተለያይተዋል። ሁለተኛው መቃወሚያ ጁንኮ አሳሪን ይጠራል፦ በኦገስት 1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮን ሆና አትላንታ ላይ 17ኛ ወጥታለች። አንዲት ሯጭ መስመሩን ብትስት መስመሩ አይጠፋም። ሦስተኛው የ1999ኙን ቦስተን ያነሣል። አሪሞሪ እዚያ በ2:26:39 ምርጥ ሰዓቷን በኤፕሪል አስመዝግባ ሦስተኛ ሆናለች፤ ያሸነፈችውም ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ፋጡማ ነበረች። የቦስተን ጎዳና ከመነሻው መድረሻው ዝቅ ያለ በመሆኑ ለክብረ ወሰን አይቆጠርም፤ ስለዚህ ያ ሰዓት ለሰዓት ሚዛን ወዳጆች የሚመች ምስክር አይደለም። የአንዲት ሯጭ ጥቂት ውድድሮች ሕግ እንደማይሆኑ እቀበላለሁ፤ የማትሱኖ 59 ሰከንድም አንድ ውድድር ብቻ መሆኑን ግን የሚያስታውስ ያስፈልጋል።

ከአትላንታ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1996 መጨረሻ ሙያተኛ ሯጭ ነኝ ብላ በራሷ ምስል የማዘዝ መብት ጠየቀች፤ በ1998 ሃርትስ ኦፍ ጎልድ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች፤ በ2007 በቶኪዮ ማራቶን 2:52:45 ሮጣ አምስተኛ በመሆን ተሰናበተች። ለዚህ ጽሑፍ የሚበጀው ከዚያም በኋላ የመጣው ነው። ፌዴሬሽኑ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሯጮችን ለመምረጥ በሴፕቴምበር 2019 በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ አንድ ውድድር አዘጋጀ፤ ደረጃ እንጂ ሰዓት የማይጠየቅበት፣ ሁለቱ ቀዳሚዎች በቀጥታ የሚያልፉበት። በ1992 በግምት የተሠራው በ2019 ደንብ ሆነ ማለት ነው። ተቃዋሚ በዚህ ላይ የሚመዘው ካርድ አለው፦ በዚያ ውድድር ያሸነፈችው ሆናሚ ማዬዳ በኦሊምፒኩ 33ኛ ስትሆን፣ በሰዓት ያለፈችው ማኦ ኢቺያማ ስምንተኛ ሆናለች። ነገር ግን ከማጣሪያው በኋላ የኦሊምፒኩ ማራቶን ሙቀትን ሽሽት ወደ ሳፖሮ በመዛወሩ፣ ማጣሪያው የተዘጋጀበት ጎዳና አልተሮጠበትም። የቀረው ሙግት ከጁን 2025 ጀምሮ የፌዴሬሽኑ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት በሆነችው በአሪሞሪ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚቀጥሉትን ኦሊምፒያውያን የሚመርጠው በእሷ የሚመራው ተቋም ነውና።